ወደ ቀኝ የሚዞር አንገት

«ራሴን አመመኝ» ካልኩ ሰው ሁሉ ሐኪም ነው። አንዱ «ውሃ ጠጪ» ይለኛል። ሌላዋ «መነጽርሽን ቀይሪ» ትለኛለች። ቁልፍና ክር የምታመጣልን ሴትዮማ «ባል ብታገቢ ይተውሽ ነበር» ብላኝ አረፈችው፤ የእሷን ባል ስለማውቀው መልስ አልሰጠኋትም። ውሃውንም ጠጣሁ፣ መነጽሩንም ቀየርኩ። ራስ ምታቱ ግን ንቅንቅ አላለም።

አመጣጡን አውቀዋለሁ። ከማጅራቴ በቀኝ በኩል፣ ጸጉሬ ከሚጀምርበት ላይ ይነሳል። በጆሮዬ ኋላ አድርጎ ይወጣና ቀኝ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ግራው ጎኔ ምንም አይለውም። ጠዋት ስነሳ ደህና ነኝ። ምሳ ሰዓት ሲቃረብ ይጀምረኛል፤ ወደ ማምሻው ላይ ብርሃን ያስጠላኛል፣ ሰው ባያናግረኝ ደስ ይለኛል።

ሰው ስል እህቴን ማለቴ ነው። እኔና ታላቅ እህቴ ልብስ ሰፊዎች ነን። ሱቃችን ከመንገዱ ሁለት ደረጃ ወረድ ትላለች። ሁለቱ የስፌት መኪኖቻችን መስኮቱ ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ እሷ በቀኝ፣ በበሩ በኩል፣ እኔ በግራ፣ ግድግዳውን ተጠግቼ። ከኋላችን የመቁረጫው ጠረጴዛና የካውያው ቦታ ነው፤ እዚያ ጋ ሁለት ሰው መተላለፍ አይችልም። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝም፣ መቀስ ያስያዘችኝም እሷ ናት። እኔ «እትዬ» እላታለሁ። እሷ ጸጉሬ ሸብቶም እስከ ዛሬ «ሚጡ» ነው የምትለኝ።

እትዬ አዛዥ ናት። ሲፈጥራት ነው። ደንበኛው ወገቤ ቀጭን ነው ቢላት «እሱን ለሚያምንህ ንገር» ብላ ሜትሯን ትጠመጥምበታለች። ከጥቂት ዓመት ወዲህ ግን በእኔ ላይ አንድ አዲስ አመል አወጣች። ሥራዬ ላይ እንዳቀረቀርኩ ሳወራት አትመልስልኝም። ጆሮ ዳባ ልበስ! ደግሜ ስላት ጠረጴዛውን በመዳፏ ጠፍ ታደርግና «ወደ እኔ ዞረሽ አውሪኝ! ከጨርቁ ጋር ነው እንዴ የምታወሪው?» ትለኛለች። ደሜ ይፈላል። ግን ታላቄ አይደለች? እዞርላታለሁ። እግሬ ፔዳሉ ላይ፣ እጆቼ ጨርቁ ላይ፣ አንገቴ ብቻ ወደ ቀኝ። ጨዋታ ደግሞ ትወዳለች፤ ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነው የምንውለው።

በዚህ ዓመት ሕመሙ ባሰ። የአንዱን ኮት ግራ እጅጌ በቀኝ ገጥሜ ሰፍቼ ቁጭ አልኩ። ሌላ ቀን ኮሌታ ገልብጬ ሰፋሁ። እትዬ ፈትታ አስተካከለችው፤ አንድም ቃል አልተናገረችኝም፤ ያ ደግሞ ከስድቧ ይልቅ አስፈራኝ። መስፋት ካልቻልኩ ምን ልሆን ነው? ሌላ የማውቀው የለኝ። እናታችንም «ራሴን፣ ራሴን» እንዳለች ነው የሞተችው። ይህን እኔም እሷም አናነሳውም፤ የምናስበው ግን እሱኑ ነበር።

አንድ ቀን እትዬ መኪናዬን በጨርቅ ሸፈነችውና «ተነሺ» አለችኝ። ጨርቄን ማቄን ሳልል ተነሣሁ። ሆስፒታል ወሰደችኝ። ጭንቅላቴን በራጅ አነሱት፣ አዩት፤ ንጹሕ ነው አሉን። እትዬ እዚያው ኮሪደሩ ላይ አለቀሰች። ሐኪሙ ግን አልጨረሰም። ከኋላዬ መጣና ማጅራቴን በአውራ ጣቱ ጫን አለው። ሕመሙ ቀጥ ብሎ ዓይኔ ውስጥ ገባ።

«እሱ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«ይኼ ራስ ምታት ከራስ አይደለም፤ ከአንገት ነው» አለኝ። «አጥንትና መገጣጠሚያ የሚያይ ሰው ጋ እልክሻለሁ። ካይሮፕራክተር ይባላል።»

ስሙን ለመጥራት ምላሴ ተሳሰረ። ጎረቤታችን ጫማ ሰፊው ሲሰማ «አንገት ይዞ ቀጭ የሚያደርገው ነው አይደል? ኑዛዜሽን ተናገሪ እንግዲህ» ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ ወዲህ በቤታችን የሰውየው ስም «አንገት ሰባሪው» ሆኖ ቀረ።

አንገት ሰባሪው አጭር፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ሆኖ አገኘሁት። ክፍሉ ውስጥ ፊት የሚገባበት ቀዳዳ ያለው ጠባብ አልጋ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ አከርካሪ ተቀምጧል። እኔ ለመሮጥ ቦርሳዬን እንዳንጠለጠልኩ ነኝ። እሱ ግን ገና አልነካኝም። ጥያቄ ብቻ። ያዞርዎታል? ዕቃ ከእጅዎ ያመልጥዎታል? ሁለት ሁለት ሆኖ ይታይዎታል? ወድቀው ያውቃሉ? የደም ግፊቴን ለካ። ከዚያ አስተኝቶ ራሴን ወደ ደረቴ አጠፍ አደረገና ወደ ግራ አዞረው፤ እሺ ብሎ ዞረ። ወደ ቀኝ ሲያዞረው መንገድ ላይ ቀጥ አለ።

«አሁን ሊሰብሩት ነው?» አልኩት።

«ምኑን?»

«አንገቴን ነዋ!»

ሳቀ። «እርስዎን እንደዚያ ማድረግ የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም። ቢያስፈልግም ሳልነግርዎት አላደርገውም። ቦርሳዎን ያስቀምጡ።»

የሚያደርገው ነገር ይሄ ብቻ ነው ወይ ያሰኛል። ከማጅራቴ ሥር ያሉትን መገጣጠሚያዎች አንድ በአንድ በጣቱ እየፈለገ፣ ቀስ አድርጎ ይጫናል፣ ይለቃል፣ ይጫናል። እንዲህ እያደረገ አስረዳኝ። ከአንገት አናት የሚነሱት ነርቮችና ከግንባርና ከዓይን የሚመጡት አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ፤ አንጎል ሕመሙ የማን እንደሆነ ይምታታበታል። «እሳቱ ጓሮ ነው፣ ጭሱ የሚወጣው በሳሎን መስኮት» አለኝ። ይሄ ገባኝ። ከዚያ ስሰፋ ጀርባዬን ደገፍ እንዳደርግ መከረኝ፤ እቤት የምሠራውንም እንቅስቃሴ አሳየኝ፤ አንገትን ቀጥ አድርጎ አገጭን ወደ ኋላ መሳብ።

«ሌላ አገጭ ይጨምርብኛል» አልኩት።

«ሲጨርሱ መልሰው ያስገቡታል» አለኝ። ወደድኩት።

እየተመላለስኩ ታከምኩ። ከእሱ ስወጣ ዓለም ሌላ ናት፤ ራሴ ቅልል ይላል። ሱቅ ገብቼ ጥቂት ቀን ስሠራ ግን ያው ሕመም ተመልሶ ይመጣል። አንገት ሰባሪው ግራ ገባው። አንድ ቀን አልጋው ላይ ከመውጣቴ በፊት ወንበር ሳበልኝ።

«ሱቅዎ ውስጥ ነዎት እንበል» አለኝ። «ይስፉ።»

«ምኑን ልስፋ?»

«አየሩን።»

አየሩን ሰፋሁ። ወንበሩን ይዞ በቀኜ መጣና ተቀመጠ። «እኔ ደግሞ እህትዎ ነኝ። ያውሩኝ።»

«እትዬ፣ የዚህን ሰውዬ ሱሪ አሳጥሪ ብለሽኝ ነበር?» አልኩ፤ ልምድ ነውና አንገቴ እስከ ትከሻዬ ድረስ ዞሮ፣ አፍንጫዬ አፍንጫው ጋ ደረሰ።

ሰውየው እጁን አጨበጨበ። «ይሄ ነው! ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚዞሩት?»

«ካልዞርኩ ትቆጣለቻ!»

«በቀን ስንት ጊዜ?»

«እትዬን አያውቋትም እንዴ? አፏ አያርፍም።»

ጠረጴዛችንን ፊት ለፊት አዙሩት አለኝ፤ ቦታ የለም አልኩት። ወንበርዎን አብረው ያዙሩ አለኝ፤ ፔዳሉስ አልኩት። «እንግዲያው ሳይዞሩ ያናግሯት። እኔ እየፈታሁ እርስዎ እየቋጠሩ የትም አንደርስም» አለኝ። ልክ ነው። ይልቅ ምክንያት በማግኘቴ ደስ አለኝ። ስንት ዘመን ያንገበገበኝን አመል ሐኪም ከለከለልኝ!

በነጋታው፣ ለመጨረሻ ጊዜ ብዬ ወደ እሷ ዞርኩና ነገርኳት። እትዬ ጉልበቷ ላይ የነበረውን ገበር በመዳፏ ማለስለስ ጀመረች። አለሰለሰችው፣ መልሳም አለሰለሰችው።

«መቼም አትዞሪም ማለት ነው?»

«አልዞርም። የሚሰማው ጆሮ ነው፤ ፊቴን ምን ልታደርጊው ነው?»

ዓይኗን ከፊቴ ላይ ሳትነቅል ቆየች። «እሺ» አለች በመጨረሻ። «ጤናሽ ይቅደም።»

ከዚያ ወዲህ ቤታችን የሰው ቤት መሰለኝ። እኔ እንደ ታዘዝኩት ሥራዬን ቀጥ ብዬ እያየሁ አወራታለሁ፤ እሷ አትመልስም። አንዳንዴ «እም» ትላለች፣ ያውም «እም» የማይባልበት ቦታ። የጫማ ሰፊው ልጅ አገባች ብዬ ነገርኳት፤ ዝም። በበሩ ደንበኛ ሲገባ ግን ያቺው እትዬ ናት፤ ትቀልዳለች፣ ትሳደባለች፣ ጥርሷ አይከደንም። ደንበኛው ሲወጣ አቀርቅራ መርፌዋን ትይዛለች። ራሴ በየቀኑ እየተሻለኝ መጣ፤ ሆዴ ግን ሻከረ። አኮረፈችኝ! እኔ መዳኔ ነው ያስኮረፋት? ወይስ አንድ ቀን ትእዛዟን ባልፈጽም እንዲህ ልትቀጣኝ ነው? ይህን እያሰብኩ አንድ ሸሚዝ ላይ የቁልፍ ቤት አበላሸሁ፤ ከራስ ምታት አልነበረም፣ ከንዴት ነው።

የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፉ ሰዎች አሉ፤ ሰፊዎቹን የምትቆጣጠር ሴት ሲፈልጉ ቆይተዋል። ሄጄ አነጋገርኳቸው። ከሰኞ ጀምሮ ነይ አሉኝ። እሺ አልኩ። እድሜዬን ሙሉ ከእሷ ሌላ ሰው አጠገብ ተቀምጬ ሰፍቼ አላውቅም።

ዓርብ ከምሳ በኋላ ልንገራት ብዬ ቆረጥኩ። ሱቁ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን። መኪናዬን አቆምኩ። እሷም በእጇ ነበር የምትሰፋው፤ ቤቱ ጸጥ ብሏል። አንገቴን አላዞርኩም፤ አንድም ሐኪሙን ፈርቼ፣ አንድም ዓይኗን ካየሁ አፌ እንደሚያያዝ ስለማውቅ ነው። የያዝኩትን እጅጌ እያየሁ ጀመርኩ።

«እትዬ፣ ከሰኞ ጀምሮ አልመጣም። ዩኒፎርም የሚሰፉት ጋ ሥራ ይዣለሁ።»

ዝም።

«አሳድገሽኛል፤ አልክድም። ያለሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ። ግን ኩርፊያሽን አልቻልኩም። ለመንገደኛው ሁሉ እየሳቅሽ ለእኔ አንድ ቃል ትነፍጊኛለሽ። ከፋሽ እንደሆነ ስደቢኝ፣ ጩኺብኝ፤ እንደ ድሮው ጠረጴዛውን ምቺው። ዝም አትበይኝ። እንዲህ ከሆነ ልሂድልሽ።»

ጠበቅኩ። የምጠብቀው ወይ እንድትጮህ ነው፣ ወይ እንድታለቅስ፤ «ሂጂ፣ ገደል ግቢ» ብትለኝ እንኳ ደስ ይለኝ ነበር።

እትዬ በአፍንጫዋ ታንጎራጉር ነበር። ክሩን በጥርሷ በጠስ አደረገችና በደስታ ትከሻዬን ነካችኝ። ስትነካኝ ጊዜ ዞርኩ። እጇ ላይ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተሰፋች፣ ጥጥ የሞላት፣ ማሰሪያ ያላት ትንሽ መከዳ ይዛለች።

«በይ እንኪ። ሐኪምሽ ጀርባሽን ደገፍ አድርጊ ብሎሽ የለ? ወንበርሽ ላይ እሰሪያት። ሰሞኑን ካንቺ ደብቄ ስሰፋት አላየሽም አይደል?» ፊቷ በራ። ከዚያ ዓይኔን አየችና ደነገጠች። «ምነው? መጣብሽ እንዴ ራስሽን?»

ይህች ሴት ስድብ ውጣ፣ ሰምታ እንዳልሰማች የምታልፍ ሰው አይደለችም። አትችልበትም። መከዳዋን ተቀበልኩና «አይ፣ ደህና ነኝ» አልኳት። ወደ መኪናዬ ተመለስኩ። አንገቴን ቀጥ አድርጌ፣ እንደ ማንኛውም ወሬ፣ «እትዬ፣ ጸጉርሽ ላይ እሳት ተያይዟል» አልኩ።

መርፌዋ ውስጥ ክር እያስገባች ነበር። ማስገባቷን ቀጠለች።

እኔን ይድፋኝ! ያኔ ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ መጣብኝ። ግራ ጆሮዋ። ከጥቂት ዓመት በፊት ጆሮዋን ታማ፣ ትራስ ላይ ተደፍታ የሰነበተችበት ጊዜ። «ዳነልኝ» ያለችኝ። አመሏ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው፤ የእኔም ራስ ምታት። በበሩ የሚገባ ደንበኛ በቀኟ ነው የሚገባው፤ ይሰማታል። እኔ በግራዋ ነኝ። አፌን ስታይ ብቻ ነው የምታውቀኝ።

ተነሣሁ። በካውያው በኩል ተሹለክልኬ በኋላዋ ዞርኩና ከቀኟ በኩል ጎንበስ ብዬ፣ በሹክሹክታ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት።

ጣቷን መርፌ ወጋት። «ምኑ?» አለች፤ ግን ገብቷታል፤ ፊቷ ተለዋውጧል። «ደህና ነው፤ ትንሽ ይጮህብኛል እንጂ…»

«እትዬ!»

«አይሰማም» አለች። «ከታመመ ወዲህ ምንም አይሰማም። ምን ብዬ ልንገርሽ? አንቺ ራሴን ስትይ እኔ ጆሮዬን ልበልሽ? ደግሞ ሰው ቢያውቅ ‹ደንቆሮዋ ሰፊ› ሊለኝ አይደል!»

«እኔ ሰው ነኝ?»

«አንቺማ…» አለችና ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተች። ደሙን መጠጠች። «ልነግርሽ ነበር እኮ። ሐኪሙ አትዙሪ አለኝ ስትይኝ ተውኩት። ካልነገርኳት አትዞርም፣ አንገቷ ይድናል አልኩ። ከነገርኳት ለእኔ ስትል ትዞራለች። አውቅሻለሁ፤ አንገትሽ እስኪቆረጥ ትዞሪያለሽ። እና ዝም ብትይኝም ይሻለኛል ብዬ ነው።»

አንጀቴን በላችው። እላይዋ ላይ ወድቄ አለቀስኩ፤ ያዘጋጀችውን ገበር አረጠብኩት። እሷ ምን እንዳስለቀሰኝ ግማሹን ብቻ ነው የምታውቀው።

«በቃ፣ በቃ፣ ሳቲን እኮ ነው፤ ውሃ ይታይበታል!» ብላ ገፋችኝ። ከዚያ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ አየችኝ። «ቅድም አፍሽ ሲንቀሳቀስ አይቼሻለሁ። ረጅም ነገር ነበር። ምን እያልሽኝ ነበር?»

«ቦታ እንቀያየር ነው ያልኩሽ» አልኳት።

«ይኼን ለማለት ነው ያን ያህል የለፈለፍሽው?»

«አንቺ አሳድገሽኝ ከየት ላምጣው አጭር ወሬ?»

ጫማ ሰፊውን ጠራሁት። በሩ ጋ የነበረውን የደንበኛ መቀመጫ አግዳሚ ወደ ግድግዳው ወስደን መኪናዬን በእትዬ ቀኝ፣ በሩ ጋ አመጣነው። ሰውየው ላቡን እየጠረገ «አንገት ሰባሪው ቤትም ማፍረስ ጀመረ?» ይላል። እትዬ ቆማ ታዛለች፤ ግፉ፣ አንሱ፣ እግሩን ጠብቁ! ማክሰኞ ሕክምናዬ ነው፤ አብራኝ እንድትሄድ አስማልኳት፤ አንገት ሰባሪው የሚያውቀው የጆሮ ሐኪም አያጣም። ደረጃው ላይ ወጥቼ ዩኒፎርም ሰፊዎቹ ጋ ደወልኩና አልመጣም አልኳቸው። ምክንያቱን ጠየቁኝ። እህቴ ብቻዋን ናት አልኩ፤ ሌላ ማብራሪያ አልመጣልኝም።

ተመልሼ ገባሁ። መከዳዋን ወንበሬ ላይ አሰርኩ፣ ተቀመጥኩ፣ አገጬን ወደ ኋላ ሳብኩ፣ ያቋረጥኩትን እጅጌ አነሣሁ። እትዬም ገበሯን ይዛለች። አንገቴን አላዞርኩም። ድምፄንም ከፍ አላደረግሁም፤ እንዲያውም ዝቅ አደረግሁት።

«እትዬ።»

«ወዬ» አለችኝ፣ ዓይኗን ከጨርቁ ላይ ሳታነሳ።

«ምንም፤ ዝም ብዬ ነው» አልኳት።